ከስድሳ እስከ ዕድር

የከተማችን ሰላምታ ተለውጧል። ድሮ «እንዴት ነህ? ደኅና ነህ? ቤተሰብ ደኅና ነው? ክረምቱ እንዴት ይዞሃል?» እየተባለ ሁለት ሦስት ዙር ከተዞረ በኋላ ነበር ወደ ጉዳይ የሚገባው። አሁን ገና እጄን እንደጨበጠ «ለመሆኑ አክሲዮን ገዝተሃል?» የሚለኝ ሰው በዝቷል። አልገዛሁም ካልኩት እጄን ላላ ያደርገዋል። ገዝቻለሁ ብለውም አልድንም፤ «የማንን?» ይለኛል። የማንንም ብጠራ መግዛት የነበረብኝ የሌላውን ነው።

የመካሪ ብዛት ብርቅ ሆኖብኝ አይደለም። ይህች አገር ዝናብ ቀርቶባት ያውቃል፤ ምክር ግን ቀርቶባት አያውቅም። ለጉንፋን ዝንጅብል፣ ለትዳር ትዕግሥት የማያዝላችሁ ማን አለ? የሚያስቸግረኝ የዚህኛው ምክር ጥድፊያ ነው። የሚመክሩኝ ከሃያ ዓመት በኋላ ስለምበላው እንጀራ ሆኖ ሳለ ገንዘቡ መውጣት ያለበት ግን ዛሬ ከምሳ በፊት ነው።

በመሥሪያ ቤታችን የዚህ ነገር ሊቅ አለ፤ ጠረጴዛው ከጠረጴዛዬ ፊት ለፊት ነው። ጥቅምት 2017 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም ከመቶ አሥር እጁን ለሕዝብ ለሽያጭ ሲያቀርብ ቀድመው ከገዙት አንዱ እሱ ነበር። የአንዱ አክሲዮን ዋጋ 300 ብር፣ ትንሹ ግዢ 33 አክሲዮን፣ ትልቁ 3,333 ነበር። እሱ ትንሹን ገዛ። 9,900 ብሩን በቴሌብር ከከፈለ በኋላ ግን «ለምንድን ነው ሰው ከ3,333 በላይ እንዳይገዛ የሚከለከለው?» እያለ ሲብሰለሰል ሰነበተ።

ከዚያ ወዲህ ሰውየው ሠራተኛ መሆኑ ቀርቶ ባለቤት ሆኗል። አጠገባችን ያለችው ልጅ ከእህቷ ጋር በስልክ ስታወራ ድሮ ጉሮሮውን እየጠረገ ያስጠነቅቃት ነበር፤ አሁን «ተጫወቺ፣ ተጫወቺ፣ ምን ያጣድፍሻል?» ይላታል። ሚስኮል የሚያደርግ ሰው ግን አይወድም። «ሚስኮል እኮ ስርቆት ነው» ይላል፤ ፊቱም እውነት የተሰረቀ ሰው ፊት ይሆናል።

ሽያጩ ሲዘጋ 47,377 ሰዎች ገዝተው፣ ለገበያ ከቀረበው 100 ሚሊዮን አክሲዮን 10.7 ሚሊዮን ያህሉ መሸጡን ሲሰማ አዘነ። «ሕዝባችን አልነቃም!» አለ። ሕዝባችንማ በጠዋት ነቅቶ የበርበሬ ዋጋ ሊጠይቅ ሄዶ ነበር። ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ ሥራ ሲጀምር ደግሞ ከረባት አስሮ ቢሮ መጣ። የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ወጋገን ባንክ መሆኑን ከእሱ ነው የሰማሁት። ያን ዕለት የገዛው የለም፤ የሸጠውም የለም። ከረባቱን ግን እስከ ማታ አልፈታውም።

አንድ ቀን ቡና ስንጠጣ «ጡረታ ስትወጣ በወር ስንት ታገኛለህ?» አልኩት።

«ጡረታ?»

«አዎ፣ ጡረታ።»

«እሱን የሰው ሀብት አስተዳደር ነው የሚያውቀው» አለኝ።

የ9,900 ብሩን ነገር በሳንቲም ያውቃል። በየወሩ ከደመወዙ እየተቆረጠ ዘመኑን ሁሉ ሲጠራቀም የኖረውን ግን ለሰው ሀብት አስተዳደር ትቶታል። በእሱ አልፈርድም፤ በየቢሮው ብትዞሩ የምታገኙት መልስ ይኸው ነው። ከደመወዛችን 7 በመቶ ይቆረጣል፣ አሠሪው 11 በመቶ ይጨምርበታል። ሰባቷን እናውቃታለን፤ ደመወዝ በወጣ ቁጥር እናማታለን። አሥራ አንዷን ግን በዓይናችን ስላላየናት አመስግነናትም አናውቅም።

ስሌቱ ደግሞ የሚያስፈራ አይደለም። ዐሥር ዓመት ያገለገለ ሰው በ60 ዓመቱ ሲወጣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዙ ይያዝና 30 በመቶው ጡረታው ይሆናል። ከዐሥር ዓመት በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመርለታል። ጣሪያው 70 በመቶ ነው። በ30 ዓመቱ ሥራ ይዞ ሳያቋርጥ 30 ዓመት የሠራ ሰው እንግዲህ 55 በመቶ ያገኛል ማለት ነው። ያውም ከመደበኛው ደመወዝ፤ የቤት አበል፣ የትራንስፖርት አበል፣ የኃላፊነት አበል የሚባሉት ወዳጆች እስከ መሥሪያ ቤቱ በር ሸኝተው ይመለሳሉ።

ጣሪያውን መንካት የሚፈልግ 42 ዓመት ማገልገል አለበት። በስድሳ ለመውጣት በአሥራ ስምንት መግባት ነው። በአሥራ ስምንት ዓመቴ ስለ ጡረታ የሚያስብ ጓደኛ ቢኖረኝ ኖሮ እናቴ «ይህ ልጅ ምን ነካው?» ብላ ጠበል ትወስደው ነበር።

ስድሳ ዓመት የሚባለውም ነገር በእኛ አገር እንዲህ በቀላሉ የሚገኝ ዕድሜ አይደለም። አንዱ ሰው ሦስት አራት ዕድሜ አለው። እናቱ «የጎረቤት ላም መንታ የወለደችለት ክረምት» ብላ የምትቆጥርለት አለ፤ የክርስትናው አለ፤ ትምህርት ቤት ሲገባ የተሰጠው አለ፤ መታወቂያ ላይ የሰፈረው አለ፤ ለሚስቱ የነገራት ደግሞ አለ። ሕጉ ከነዚህ ሁሉ መካከል የሚቀበለው ሰውየው መጀመሪያ ሲቀጠር ያስመዘገበውን ነው። አጎቴ በልጅነቱ «ገና ሕፃን ነህ» ብለው እንዳይመልሱት ሁለት ዓመት ጨምሮ ነበር የተቀጠረው። ይኸው ባልኖረው ሁለት ዓመት ጡረታ ሊወጣ ነው። «እውነተኛው ዕድሜዬ እኮ ሃምሳ ስምንት ነው!» ብሎ ቢጮህ የሰማው የለም። ፊርማው የራሱ፣ ቀለሙ የራሱ። ለሥራ የተቻኮለ ወጣት የዛሬውን ሽማግሌ በገዛ እጁ ጽፎ አስወጣው።

ጡረታው ካልበቃ ቁጠባ አለ ይባላል። ቁጠባ ሲባል ደግሞ ዕቁብ ይመጣል።

ዕቁብን ኢንቨስትመንት ነው የሚሉ አሉ። አይደለም። ወለድ የለውም፤ ቀድሞ ዕጣ የወጣለት ያለ ወለድ ተበደረ፣ መጨረሻ የደረሰው ያለ ወለድ አበደረ፤ ነገሩ ይኸው ነው። ኑሮ በረጋበት ዘመን ይህ ማንንም አይጎዳም ነበር። የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ ባለፈበት በ2014 ዓ.ም. ግን መጨረሻ የደረሰው ሰው ዓመቱን ሙሉ በሬ ሲያዋጣ ከርሞ ወይፈን ተረክቦ ወደ ቤቱ ሄደ። ባንክ ያስቀመጠውም ቢሆን አልሳቀም፤ የቁጠባ ወለድ ወለሉ 7 በመቶ ነበር። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይላሉ። ልክ ነው፤ እንቁላሉ በእግሩ እስኪሄድ የእንቁላል ዋጋ ግን በክንፉ በረረ።

ይሁንና ለዕቁብ አንድ ነገር አልነፍገውም። ባንክ ቤታችሁ ድረስ መጥቶ በር አያንኳኳም። የዕቁብ ዳኛ ያንኳኳል። ያውም እንግዳ በተቀመጠበት፣ ሚስት በምትሰማበት፣ «ዛሬ አላየንህም፣ ደኅና አይደለህም እንዴ?» ብሎ። ለልጁ ትምህርት ቤት ክፍያ ሦስት ጊዜ ማስጠንቀቂያ የሚላክለት ሰው ዕቁቡን ተበድሮ ይጥላል። የኢኮኖሚ ሊቃውንት ይሉኝታን በወለድ ተመን ሰሌዳ ላይ ሊያስገቧት ይገባል እላለሁ፤ ከ7 በመቶ የበለጠ ታስቆጥባለች።

አንድ ዘመዴ ደግሞ ባንኮች ለግል ባለሀብት ከተፈቀዱበት ከ1986 ዓ.ም. ወዲህ ከተቋቋሙት በአንደኛው ጥቂት አክሲዮን አለው። በየዓመቱ ጠቅላላ ጉባኤ አይቀርም። የሒሳብ ሪፖርቱን ግን ገልጦት አያውቅም፤ የባንኩን ጤንነት የሚለካው በስጦታው ነው። «አምና ጃንጥላ ሰጡን፤ ዘንድሮ ካላንደርና እስክሪብቶ ብቻ። ባንኩ አንድ ነገር ሆኗል» ብሎ ተክዞ መጣ። ትርፉ አድጎ እንደነበር ሪፖርቱ ገጽ ሁለት ላይ ተጽፎ አሳየሁት። «ታዲያ ጃንጥላው የት ሄደ?» አለኝ። እውነቱን ለመናገር፣ ባለአክሲዮን ሊጠይቅ ከሚችላቸው ጥያቄዎች ሁሉ መጥፎው አይደለም።

አክስቴ ዘንድ ስትሄዱ ግን ይህ ሁሉ ወሬ በሩ ላይ ይቀራል።

አባቷ ጉለሌ ውስጥ ከዋናው ቤት ጀርባ አራት ክፍል ሠርተው ያከራዩ ነበር። ለእርጅናቸው ነው የሠሩት። ዛሬ ጎልማሳ ሁሉ «ገቢ የሚያስገኝ ንብረት ያዝ» ተብሎ የሚመከረውን ምክር ሰውየው ማንም ሳይመክራቸው በጭቃና በእንጨት ፈጽመውታል። ሐምሌ 1967 ዓ.ም. አዋጁ ወጣ፤ ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበረ ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ፤ የሰውየው አራት ክፍሎችም አብረው ሄዱ። በዚያው ዓመት ቀደም ብሎ ባንኮችና የኢንሹራንስ ኩባንያዎች ተወርሰው ስለነበር አክሲዮን የነበራቸውም ሰዎች እጃቸው ላይ የቀረው ወረቀቱ ነበር። ለእሳት ማቀጣጠያ ጥሩ ወረቀት ነው ይባላል፤ ወፍራም ነው።

ስለዚህ አክስቴ የምታምነው ወርቅ ነው። «አንገቴ ላይ ያለውን ሊወርስ የሚመጣ ሰው መጀመሪያ አንገቴን ያናግር» ትላለች። ስለ አዲሱ ገበያ ላስረዳት ሞክሬ ነበር።

«ወረቀቱ ቢቃጠልስ?» አለችኝ።

«እትዬ፣ ወረቀት የለውም እኮ። አሁን በኮምፒውተር ነው የሚመዘገበው።»

«እሰይ! እንግዲያ ሲወርሱትም አይደክማቸውማ።»

በዚህ መልስ የሚስቅ ሰው አለ፤ እኔም ሳቄ አምልጦኛል። ነገር ግን አክስቴን ኋላ ቀር የሚላትን አልሰማውም። የሴትዮዋ ጥርጣሬ ካለማወቅ የመጣ አይደለም፤ በዓይኗ ካየችው ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚለውን ተረት የሰማችው ከሰው አፍ ሳይሆን ከአባቷ አራት ክፍሎች ነው። የአክሲዮን መካሪዎቻችን ስለ ትርፍ ለመናገር ከሚጣደፉ እንዲህ ያለችውን ሴት ቁጭ ብለው ቢያዳምጡ፣ ገበያው ለምን ቀስ እንደሚል ከማንም ባለሙያ የተሻለ ትነግራቸዋለች። እርግጥ የወርቁ ነገርም ጣጣ አለው። የምታጠልቀው ጥቂቱን ነው፤ የቀረውን የት እንዳስቀመጠችው ለማንም ስለማትነግር ወርቁ ከእሷ ቀድሞ ጡረታ ወጥቷል።

የአጎቴ ልጅ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ይኖራል። እሑድ እሑድ ይደውላል። እሱ ደግሞ «ፎር ኦ ዋን ኬ» ስለሚሉት የጡረታ ቁጠባ ካወራ አያባራም። ከደመወዙ ጥቂት ጥቂት እያስገባ፣ አሠሪው እየጨመረለት፣ ገንዘቡ አክሲዮን ላይ ውሎ እያደረ ያድጋል። ዕድሜው ሳይደርስ ላውጣው ቢል ከግብሩ በላይ 10 በመቶ ይቀጣል። «ስንት ዓመት ሲሆንህ ነው ያለ ቅጣት የምታወጣው?» አልኩት።

«ሃምሳ ዘጠኝ ተኩል።»

ተኩሏ ገረመችኝ። እኛ በሙሉው ዓመት ሳንግባባ፣ አሜሪካ ግማሹን ትቆጥራለች።

«ታዲያ ጡረታ ስትወጣ ምን ልታደርግ ነው?» ስለው ድምፁ ይለሰልሳል። አዲስ አበባ መጥቶ፣ አነስ ያለ ቤት ገዝቶ፣ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ላይ ወንበር አውጥቶ፣ ማኪያቶውን ይዞ ጋዜጣ ሊያነብ ነው። የጋዜጣው ነገር ጊዜው አልፏል ልለው እፈልጋለሁ፤ ሕልሙን ላለመበረዝ ዝም እላለሁ።

የግቢያችን ጎረቤት ሕልም ደግሞ ተቃራኒው ነው። ጋሼ «ጡረታህን እንዴት አሰብከው?» ሲባሉ የሚመልሱት በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «ልጄ አሜሪካ ናት።» ይህ በእኛ ሰፈር የተሟላ የፋይናንስ ዕቅድ ነው፤ ተጨማሪ ሰነድ አይጠየቅበትም። እንግዲህ የዚያ ሰው የእርጅና ዕቅድ እዚህ ነው፣ የዚህ ሰው የእርጅና ዕቅድ እዚያ ነው። ሁለቱ ዕቅዶች ቦሌ ላይ ሲተላለፉ ሰላም የሚባባሉ ይመስለኛል።

የጋሼ ባለቤት አምና ልጃቸው ስትወልድ ሊያርሷት ሄደው ነበር። ገንፎው፣ አብሹ፣ በርበሬው፣ ሽሮው ሁለት ሻንጣ ሞላ። ስድስት ወር ቆይተው ከስተው ተመለሱ። ጎረቤት ተሰብስቦ «አሜሪካ እንዴት ናት?» ሲላቸው፣ «ምኑን አየሁት ብላችሁ! ጡረታዬን ልበላ ሄጄ ሞግዚት ሆኜ መጣሁ» አሉ።

ልጅ ጡረታ ነው የሚለውን እምነት የሚፈታተነው የአሜሪካው ልጅ ብቻ አይደለም፤ የቤቱም አለ። የቤት ኪራይ ሰማይ ከነካ ወዲህ ሠላሳ ዓመት ያለፈው ልጅ ከአባቱ ቤት አይወጣም። አንድ ቅዳሜ ረፋድ አንድ ወዳጄን ቤቱ ሄጄ «ልጅህስ?» ብለው፣ ወደ ጓዳው እያመለከተ በሹክሹክታ፣ «ጡረታዬ ገና አልተነሣም» አለኝ።

እንዲህ ስናገር ለነገ የማያስብ ሕዝብ ያስመሰልኩን እንዳይመስላችሁ። እንዲያውም በዓለም ላይ ከእኛ የተሻለ ለነገ የተዘጋጀ ሕዝብ ያለ አይመስለኝም። ነገ የምንለው ግን የመጨረሻውን ነው። ዕድራችንን ተመልከቱት። ድንኳኑ ተገዝቷል፣ ወንበሩ ተቆጥሯል፣ ድስቱ ቁጥር ተጽፎበታል፣ ሣጥን የሚሸከመው ታውቋል፣ ንፍሮ የሚቀቅለው ተራው ተለጥፏል። ወርኃዊ መዋጮ አለ፤ የዘገየ ይቀጣል፤ ቀብር ላይ ስም ይጠራል፣ የቀረ ይቀጣል። የቤት ኪራዩን የሚያሳልፍ ሰው የዕድሩን አያሳልፍም። በዚህ ሥርዓት የተዘጋጀንለት ሞት ሲመጣ አፍሮ ሊመለስ ይገባው ነበር።

ችግሩ ሰው ስድሳ ሲሞላው ወዲያው አለመሞቱ ነው። በስድሳኛው ዓመትና በድንኳኑ መካከል ዐሥር፣ አሥራ አምስት፣ ለአንዳንዱም ሠላሳ ዓመት አለ። መዋጮ የሌለበት፣ ስም የማይጠራበት፣ ማንም «ለምን ቀረህ?» ብሎ የማይቀጣበት ዘመን ይኸኛው ነው። የደም ግፊት መድኃኒት በየወሩ የሚገዛው በዚህ ጊዜ ነው፤ ጥርስ የሚነቀለው፣ መነጽር የሚለወጠው በዚህ ጊዜ ነው። ለሞቱ ድስት የገዛ ሰው ለእርጅናው ሽሮ አላስቀመጠም።

ይህን ሐሳብ ያመጣሁት እኔ አይደለሁም። ባለፈው የዕድራችን ስብሰባ ላይ ባንክ ቤት የሚሠራ ወጣት ነው ያነሣው። እጁን አውጥቶ ተነሣና፣ የዕድሩ ገንዘብ ባንክ ተቀምጦ ዋጋው እየቀነሰ መሆኑን፣ ከፊሉ አክሲዮን ቢገዛበት እንደሚሻል፣ ከትርፉም ለአረጋውያን አባላት በየወሩ ትንሽ መደጎሚያ ሊከፈል እንደሚችል ቁጥር እየጠራ አስረዳ። ንግግሩ ጥሩ ነበር። ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ሰብሳቢው መነጽራቸውን አወለቁ። «የእኔ ልጅ፣ ተባረክ። ትርፉ ግን መቼ ነው የሚደርሰው?»

«ጋሼ፣ አክሲዮን የረጅም ጊዜ ነገር ነው። ቢያንስ አምስት ዓመት ታግሦ መጠበቅ ያስፈልጋል።»

«አምስት ዓመት።» ሰብሳቢው ትንሽ አሰቡ። «ገንዘቡ እዚያ ታስሮ ሳለ ሰው ቢሞትስ?»

ወጣቱ ተቅለሰለሰ። «ሁሉም አይታሰርም፤ ግን… በዛ ያለ ሰው ባይሞት ይመረጣል።»

ሰብሳቢው በዕድሜ ከሁላችንም ወደሚበልጡት ወደ እማማ ዞሩ። «እማማ፣ እንዴት ነው፣ አምስት ዓመት ይታገሡናል?»

እማማ ነጠላቸውን አስተካከሉ። «እኔ ምን ቸገረኝ፣ እታገሣለሁ። አምስቱን ዓመት ግን መዋጮ አልከፍልም።»

ቤቱ በሳቅ ሞላ፤ ጸሐፊው ግን አልሳቀም፤ ቶሎ ብሎ ማስላት ጀመረ። ከዚያ ወዲያ ሌሎችም አረጋውያን እንደ እማማ ለመታገሥ ፈቃደኛ መሆናቸውን ገለጹ። ሰብሳቢው ነገሩ ወዴት እየሄደ እንደሆነ ገብቷቸው ጠረጴዛውን መቱ። የቀረበው ሐሳብ ጠቃሚ ስለሆነ በይደር ይያዝ ተባለ። ስም ተጠርቶ የቀሩት አባላት ተቀጡ፤ ለቀጣዩ ወር አንድ ተጨማሪ ድንኳን እንዲገዛ በሙሉ ድምፅ ተወስኖ ተበተንን።